ለሌለ በር ያጎነበስን ዕለት

ልጅ ሆኜ የቤት ሥራዬ ድንጋይ ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁና በየወረዳው የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያኔ ትምህርት ቤት የሚሠራው በሕዝብ ተሳትፎ ነው፣ ሕዝብ ሲባል ደግሞ እኛንም ይጨምር ነበር። መካነ ሰላም አምስተኛ ክፍል እያለሁ ርዕሰ መምህራችን አንድ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወጡና ከጭቃ ክፍል የምንገላገልበት ጊዜ ደረሰ አሉን። ሁለት የድንጋይ ክፍል ሊሠራልን ነው። ሲሚንቶውና ቆርቆሮው ከላይ ይመጣል፣ ድንጋዩ ግን ከእናንተ ነው አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ ድንጋይ ያልያዘ ተማሪ በበሩ አያልፍም ተባለ።

የአገራችንን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድንጋይ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ውጭ አድሮ ነው የሚጠብቃችሁ። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን ጀርባችን ላይ ስንጭነው ቅዝቃዜው እስከ አጥንት ይሰማ ነበር። በባሕር ዛፉ መሀል ትንፋሻችን እየጨሰ፣ አንዱ የሌላውን ድንጋይ እያማ፣ አንዳንዴም እየተላፋን እንሄዳለን። በሩ ላይ ዘበኛው ቆመው በዓይናቸው ይመዝኑናል። «ይቺ ድንጋይ ናት የቅልሞሽ ጠጠር?» እያሉ ስንቱን ልጅ አስለቀሱት። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ድንጋይ መሸከም እወደው ነበር። ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ላይ ድንጋይ ሞልቶ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ግን የከተማው ዙሪያ ተላጨ። የወንዙ ዳር አለቀ፣ የመንገዱ ጠርዝ አለቀ፣ ከዚያ የሰው የአጥር ካብ ዝቅ ማለት ጀመረ። አንዲት ጎረቤታችን ማልደው እየተነሡ ዱላ ይዘው የአጥራቸውን ካብ ይጠብቁ ጀመር፤ «ልጆቹ ይማሩ ብለን እኛ ሜዳ ላይ ልንቀር ነው» እያሉ። በዚህ ላይ ውድድር መጣ። ብዙና ጥሩ ድንጋይ ያመጣ ክፍል ሰልፍ ላይ ይጨበጨብለታል፣ መጨረሻም ላይ ይሸለማል ተባለ። የእኛ ክፍል፣ አምስተኛ «ለ»፣ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበር።

አንድ ሐሙስ እንደ ድስት ክዳን የሳሳች ድንጋይ ይዤ ሄድኩና ዘበኛው መለሱኝ። ያን ዕለት የሒሳብ ፈተና ነበረን። በአጥሩ ቀዳዳ ጓደኞቼ ወረቀት ሲቀበሉ እያየሁ ዜሮ አገኘሁ ማለት ነው። እያለቀስኩ ወደ ቤት ስመለስ ነው የጥንት ቤት ትዝ ያለኝ። ምነው ያን ዕለት እግሬን በሰበረው።

የጥንት ቤት የምንለው ከከተማው ግማሽ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ኮረብታ ላይ ያለ ፍርስራሽ ነበር። ከኮረብታው ሥር የእናቴ አጎት አያ ይማም ይኖራሉ። ቤቱን ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ክርስቲያኖቹ ቤተ ክርስቲያን ነበር ይላሉ፣ እስላሞቹ የወልይ ቤት ነበር ይላሉ። አያ ይማም ግን ከሁለቱም በዕድሜ ይበልጣል ባይ ነበሩ። ሰው ክርስቲያንም እስላምም ከመባሉ በፊት ፈጣሪውን የለመነበት ቤት ነው ይሉ ነበር። ጥርብ ድንጋዮቹ ያለ ጭቃ አንዱ ባንዱ ላይ ተገጥመው ሁለት ግድግዳ እስከ ትከሻዬ ይደርስ ነበር። በሩ ከነጉበኑ ቆሟል፤ ወደ አፈሩ እየሰመጠ ስላጠረ ትልቅ ሰው ካላጎነበሰ አያልፍበትም። ከውስጥ በቀኝ በኩል ደግሞ ክብ ነገር፣ ከክቡም ሥር እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠ መስመር የተቀረጸበት አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ።

አያ ይማም የዚያ ቤት ጠባቂም አስጎብኚም ነበሩ። ማንም አልሾማቸው፣ ማንም አልከፈላቸው። ከአባታቸው በአደራ የተቀበሉት ነው። ከወረኢሉ ነጋዴ ቢመጣ፣ አዲስ መምህር ቢመደብ፣ እንግዳ ቢያልፍ፣ ሥራቸውን ጥለው ይዘው ይወጣሉ። ሥርዓት ነበራቸው። በደፉ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ጎንበስ ተብሎ ይገባል፣ ቀኝ እጅ በተቀረጸው ድንጋይ ላይ ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የሚጀመረው። ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ጣታቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ገና ስምንት ዓመቴ ሳለ እኔንም እንዲያው ነው ያስጎበኙኝ፣ እንደ ትልቅ እንግዳ። ከኮረብታው የሚነሣው የጦስኝ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ዓይናቸውን ያማቸው ነበር። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየበቀለ ይወጋቸዋል፤ እኔ ጣቴ ቀጭን ስለሆነ በወረንጦ የምነቅልላቸው እኔ ነበርኩ። እንባቸው እየወረደ እንኳ ጨዋታቸውን አያቋርጡም። መንግሥት ሰው ልኮ ይህን ቤት አይቶ ቢመዘግበው አባቴ መቃብሩ ውስጥ ያርፋል ይሉኝ ነበር። ቀበሌ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ተነሥተው ይህንኑ ይናገራሉ፤ ሰው ለምዶታል፣ ፈገግ ይላል። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ዓይናቸው ጭርሱን ሲደክም ደሴ ያለችው ልጃቸው ለሕክምና ወሰደቻቸው። ሊሄዱ ሲሉ ጠርተው «ሐዋ፣ አልፎ አልፎ ወጣ ብለሽ ቤቱን እይልኝ» አሉኝ። እሺ አያ አልኩ።

እንግዲህ ያየሁላቸው እንዲህ ነው። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ከወደቀው ክምር ዳር ላይ አንድ ጥርብ መረጥኩ። ከግድግዳው አይደለም፣ ከወደቀው ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ዘበኛው ሲያዩት አፏጩ። ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ ድንጋዬን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ከፍ አድርገው «ድንጋይ ማለት ይህ ነው!» አሉ። ስምንት መቶ ተማሪ አጨበጨበልኝ። በሕይወቴ እንዲያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፣ ከዚያም ወዲህ አልተጨበጨበልኝም። ክፍል ስንገባ አጠገቤ የምትቀመጠው አስካለ ከየት አመጣሽው ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ ነገርኳት። አስካለ ምሥጢር የምትጠብቀው እስከ እረፍት ደወል ድረስ ነው።

ሦስት ድንጋይ አመጣሁ። ከዚያ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው ብለው በር ላይ ሆኜ የየክፍሉን ድንጋይ በጭረት እንድመዘግብ አደረጉኝ፣ መሸከሙም ወደ ኮረብታው መውጣቱም ቀረልኝ። ጥርቡ ይጎርፍ ጀመር። አንድ አስካለ አሥር፣ አሥሩ ደግሞ ሌላ ሠላሳ ነግረዋል። ክፍላችን አንደኛ ሲወጣ ደስታዬን አልቻልኩትም። አንድ ቀን አራት የክፍላችን ልጆች አንድ ግዙፍ ድንጋይ በቃሬዛ ተሸክመው መጡ፤ ጭቃ ለብሶ ነበር። እንደ አራት ድንጋይ ይቆጠርልን አሉ፣ አራት ጭረት ጻፍኩላቸው። ድንጋይ ሲመጣ አየሁ እንጂ ከየት እየጎደለ እንደሆነ አልታየኝም። ትልቅ ሰው ይህን ሲሰማ ውሸት ይመስለዋል። ልጅ የነበረ ሰው ግን ይገባዋል።

ለሚያዝያ ሁለቱ ክፍሎች ቆሙ። የአዲስ ሲሚንቶና የአዲስ ቆርቆሮ ሽታ፣ ግድግዳው ላይ በነጭ የተሞላው የድንጋዩ ድርድር፣ እውነትም ያምር ነበር። የከተማው ሰው እየመጣ ያደንቅ ነበር። አያ ይማምም በዚያው ሰሞን ከደሴ ተመለሱ። ሐኪሞቹ ዘግይተዋል ብለዋቸዋል። ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ግን አያይም። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ያ ስንት ዓመት የጠበቁት ወሬ መጣ። ጥንታዊ ቦታዎችን የሚመዘግቡ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከደሴ ሊመጡ ነው። ርዕሰ መምህሩም የውድድሩ አሸናፊ ክፍል ከእንግዶቹ ጋር ሄዶ ቅርሱን ይጎብኝ ብለው ሽልማታችንን አወጁ። አሸናፊው ክፍል እኛ ነን። የሚያስጎበኙት አያ ይማም ናቸው። እጃቸውን ይዤ የምመራቸው እኔ።

ያን ዕለት አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። እንግዶቹን በእጃቸው ዳስሰው ሰላም አሏቸው። ኮረብታውን ስንወጣ ደስታቸው ከአፋቸው አልፎ በእጃቸው ይሰማኝ ነበር፤ ጣቴን ያዝ ለቀቅ ያደርጉታል። «አጃኢብ ነው፣ ልጆቼ፤ ዛሬ አባቴ ቢኖር» ይላሉ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ትንሽ ጎድሎ ይሆናል፣ ከዳር ከዳር ተነካክቶ ይሆናል እያልኩ ነበር የምወጣው። ወደ ኋላ ዞር ስል አስካለ ዓይኔን ሸሸችኝ። ከኋላችን ሰባ ልጅ፣ መምህራችን መምህር ጌታቸውና እንግዶቹ አሉ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ክው አልኩ።

ምንም አልነበረም። ምንም ስል ምንም ነው። ሁለቱ ግድግዳ የለም፣ በሩ የለም፣ ጉበኑ የለም፣ የወደቀው ክምር እንኳ የለም። መሠረቱ ድረስ ተቆፍሮ ቀይ አፈር ብቻ ተጋልጦ፣ በየጉድጓዱ የዝናብ ውኃ አቁሯል። የተነቀለ ጥርስ ድድ ይመስል ነበር። አንዲት እንሽላሊት ድንጋይ ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ትሮጣለች። የክፍሌን ልጆች ፊት አየሁ፤ እነሱም ደርቀዋል። አሁን ሳስበው እያንዳንዳችን የየራሳችንን ብቻ ነበር የወሰድነው። ሁሉን ማን እንደወሰደው በዚያች ደቂቃ የገባው ማንም አልነበረም።

አያ ይማም ከእኔ እጅ ወጡ። በእግራቸው መሬቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉና አንድ ጊዜ ቆም አሉ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ። «እዚህ ላይ ጫማችንን እናወልቃለን» አሉ፣ በዚያ ለዓመታት በማውቀው ድምፅ። ወንድየው እንግዳ ሴትየዋን አያት። መምህር ጌታቸው ወደ እኛ ዞሩ፣ አንድ በአንድ አዩን፣ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ በቅርቡ ስለቆመው አዲስ ግድግዳ እያሰቡ እንደነበር አልጠራጠርም። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ።

«ራሳችሁን ጉበኑ እንዳይመታችሁ፣ ጎንበስ በሉ» አሉ አያ ይማም። እሳቸው ወገባቸውን ሰብረው፣ አንድ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ዘርግተው አለፉ። ሜዳ ላይ። ነፋስ ብቻ ባለበት። መምህር ጌታቸው ተከተሏቸው፣ ጎንበስ ብለው። እንግዶቹ ግራ ገብቷቸው ቆሙ፤ ሴትየዋ ግን ነጠላዋን ሰብስባ አጎነበሰች። ከዚያ እኛ። ሰባ ልጅ አንድ በአንድ፣ ባዶ እግራችንን፣ ለሌለ በር አጎንብሰን አለፍን። ማንም አልሳቀም። በዚያ ዕድሜ ያለን ልጆች አለመሳቃችን ዛሬም ይገርመኛል። አንድ ልጅ ከኋላዬ ሲንሰቀሰቅ ሰማሁ፤ ከነዚያ አራት የቃሬዛ ልጆች አንዱ ነው።

አያ ይማም ወደ ቀኝ ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ትንሽ ወደ ግራ አደረጉት፣ ትንሽ ዝቅ፣ እንደገና ከፍ። ሁላችንም እጃቸውን እናያለን። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ከዚያ በፊት አላውቅም። ልጮህ አፌን ስከፍት ዞር ብለው ቀስ ብለው ጠሩኝ።

«ሐዋ፣ የት ነው ይዘሽን የመጣሽ?»

የዘረጉትን እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ።

«መንገድ ሳትሽ መሰለኝ፣ ልጄ።»

«አዎ አያ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ተሳሳትኩ።»

እንግዶቹን ይቅርታ ጠየቋቸው። ልጅ ናት፣ እኔም እንደምታዩኝ ነኝ፣ ሌላ ቀን ብትመጡ አሉ። ሴትየዋ ትከሻቸውን በእጇ ነካ አድርጋ «ምንም አይደለም አባባ» አለቻቸው። ወንድየው ሰዓቱን አየ፤ መኪናቸው መንገድ ላይ ትጠብቃለች፣ ከመምሸቱ በፊት ወረኢሉ መድረስ አለባቸው። ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ አንድ መስመር ጻፈ። ያን መስመር ባላነበውም አውቀዋለሁ። የሚታይ ነገር የለም ነው የሚለው፤ ሌላ ምን ሊጽፍ ይችላል? ሌላ ቀንም አልመጡም።

ልጆቹ ከመምህሩ ጋር ሲወርዱ እኔ አያ ይማምን ይዤ ኋላ ቀረሁ። እስከ ቤታቸው ድረስ መራኋቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «መንገድ አልሳትሽም» አሉኝ።

እጃቸውን ለቅቄ ልሮጥ ፈለግኩ። አጥብቀው ያዙኝ። ደፉ በእግራቸው ሥር ሲጠፋ ጠርጥረው ነበር፣ ግን ደፉ ተነቅሎ ጉበኑ ቢኖርስ ብለው አጎነበሱ። «በኋላ የእናንተን ዝምታ ሰማሁ» አሉ። «ሰባ ልጅ በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም፣ ወላሂ። ያን ጊዜ ገባኝ።» ታዲያ ለምን መንገድ ሳትሽ አሉኝ ብዬ እያለቀስኩ ጠየቅኳቸው። «ምን ልበል? በመንግሥት ሰው ፊት እናንተን ሌባ ላስብል?» አሉኝ። ከዚያ የት እንዳደረስነው ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ ማን እንዳነሣውም ጭምር። ሰምተው ሲጨርሱ እጄን ቀስ ብለው ለቀቁት። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ትምህርት ቤት ውሰጂኝ አሉኝ። ግቢው ባዶ ነበር፣ ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቷል። ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፣ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ማዕዘን፣ ከላይ ወደ ታች። «ይቺ የበሩ የግራ ናት። ይቺ ከእሷ በላይ ነበረች፤ ገልብጠዋታል» ይላሉ። የዘመድ ፊት የሚዳስሱ ነበር የሚመስሉት። የተቀረጸውን ድንጋይ ግን ግድግዳው ላይ አላገኙትም። እኔ ግን ከጉብኝቱ ወዲህ የት እንዳለ ገብቶኝ ነበር፤ ያ በቃሬዛ የመጣው ጭቃ የለበሰ ድንጋይ ነው። በዝናብ ጭቃ ሁሉም ሰው ከመግባቱ በፊት ጫማውን የሚጠርግበት ደረጃ አድርገውታል። እጃቸውን ይዤ ወደዚያ ወሰድኳቸው። ቁጭ አሉ። የደረቀውን ጭቃ በጥፍራቸው ፈቀፈቁ፣ በአዲሱ ጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፣ ክቡንና ጨረቃውን በጣታቸው ሲያገኙ «ያ ረቢ» አሉ፣ እንደገና «ያ ረቢ»። ሽማግሌ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ከተነሡ በኋላ ሁለት ነገር አዘዙኝ። አንደኛው፣ እሳቸው በሕይወት እስካሉ ይህን ለማንም እንዳልናገር። ክፍሉ ይፍረስ የሚል ሰው እንዳይመጣ ነበር የፈሩት። ሁለተኛው፣ ያን ድንጋይ ከሰው እግር ሥር እንዳስነሣ። ይህን ለመምህር ጌታቸው ብቻ ሹክ አልኳቸው። ሰኞ ዕለት ማንንም ሳያስፈቅዱ ከአራቱ የቃሬዛ ልጆች ጋር አንሥተው ሰባተኛ ክፍል ሊሆን በተመደበው ክፍል ውስጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ አቆሙት። ልጆቹም አልጠየቁም፣ እሳቸውም አላስረዱም።

ዛሬ በአገሬ ሳልፍ ትምህርት ቤት የሚሠራው በብሎኬት ነው። ኮንትራክተር ይመጣል፣ መኪና ይገለብጣል፣ ልጆች በአጥር ቀዳዳ ያያሉ። ድንጋይ ያልያዘ ልጅ ከበር አይመለስም፣ ጀርባውም አይላጥም፤ ደግ ሆነ። ግን ደግሞ ይህን ግድግዳ እኔ አቁሜዋለሁ የሚል ልጅ የለም፤ እኛ እያንዳንዳችን የራሳችንን ድንጋይ በጣት እናሳይ ነበር። አሁን ቅርስ የሚለውን ቃል የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ቅርሱን እያጨበጨብን ስንሸከመው ቃሉን አናውቀውም ነበር። ኮረብታው ላይ ዛሬ የስልክ ማማ ቆሟል፣ ጦስኙ ግን አለ።

አያ ይማም ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ አልናገርም ያልኩት እስከዚያ ድረስ ነበር። ስለዚህ የአምስተኛ «ለ» ልጆች፣ ያላችሁበት አገር ስሙኝ። የጥንት ቤት ነበረ። አያ ይማም አልዋሹም፣ ዓይናቸው ቢጠፋም ቤቱ አልጠፋባቸውም። ድንጋዩን ስለማንሣቴ ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅር ያላልኩት ሌላ ነው።

ያ የደብተር መስመር ከተጻፈ በኋላ ከተማው ውስጥ ወሬው ተዛመተ። አያ ይማም የመንግሥት ሰው ጠርተው ባዶ ሜዳ አሳዩ ተባለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ነጋዴው ሁሉ ይቀልድባቸው ነበር፤ «አያ ይማም፣ ያ ቤትዎ ተገኘ ወይ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ፈገግ ብለው «እየፈለግኩት ነው፣ ዱዓ አድርጉልኝ» ይላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ኖሩ። አንድ ቃል ቢናገሩ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ይቀር ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሆኜ አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ጨው ተራ ቆሜያለሁ። አንድ ነጋዴ ያንኑ ቀልድ ቀለደባቸው፣ ዓይን ከሌለ ቤት ቢጠፋ ምን ይገርማል የሚል ጨምሮ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዝም ካልኩ ለምን ዝም አልሽ የሚለኝ እንዳይኖር ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጮክ ብዬ ነበር የሳቅኩት። አያ ይማም ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ሐዋ፣ አንቺም አለሽ?» አሉ። «ነይ እስቲ ወደ ቤት አድርሺኝ፣ ጨዉ ከብዶኛል።»

ጨዉን ተሸከምኩ፣ እጃቸውን ያዝኩ። ፊቴ ይቃጠል ነበር። ስለ ሳቄ ይናገሩኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተናገሩኝም። መንገዱን ሙሉ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ። አዲሱ ክፍል ይሞቃል ወይ አሉኝ። ይሞቃል አያ አልኳቸው። ዝናብስ ያስገባል ወይ አሉኝ። አያስገባም አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።